በመዳፍ ስፋት ላይ መጓዝ፦ የረጅም ጉዞ ሞተር ብስክሌት ጎማ አመራረጥና ፊዚክሱ

አንድ ሞተር ብስክሌት ነጂ ከኋላው ሰው አፈናጦ፣ በግራና በቀኝ ሻንጣ ጭኖ ረጅም መንገድ ሲጓዝ ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ምንድን ነው? «ሁለት ጎማ» ብለን ብንመልስ ስሕተት ባይሆንም መልሱ የተሟላ አይደለም። መሬቱን የሚይዘው የጎማው ሁለመና ሳይሆን በየቅጽበቱ አስፋልቱን የሚነካው ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። የዚህን ክፍል ስፋት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በምናውቀው ስሌት መገመት እንችላለን።

ለምሳሌ እንዲሆነን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የተመረተውን ቢ.ኤም.ደብልዩ አር 1250 ጂ.ኤስ. የተባለ የጀርመን ሞተር ብስክሌት እንውሰድ። ነጂው፣ ተፈናጣጩ፣ ሻንጣውና ነዳጁ ሁሉ ተደምሮ ለዚህ ሞተር ብስክሌት የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት 465 ኪሎ ግራም ነው። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው፣ ማለትም 280 ኪሎ ግራም ያህሉ፣ በኋላ ጎማ ላይ ያርፋል እንበል። አምራቹ ለኋላ ጎማ ያዘዘው የአየር ግፊት 290 ኪሎ ፓስካል (2.9 ባር፣ በጎሚስታዎች አነጋገር 42 ፒ.ኤስ.አይ.) ነው። ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ስለሆነ፣ 280 በ9.8 ተባዝቶ የሚገኘውን 2,744 ኒውተን ለ290,000 ፓስካል ብናካፍል ስፋቱ 0.0095 ካሬ ሜትር ወይም 95 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የፊት ጎማውም በ250 ኪሎ ፓስካል ቀሪውን 185 ኪሎ ግራም ሲሸከም የሚነካው ቦታ 73 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የጎማው ጎን ራሱ የክብደቱን ጥቂት ስለሚሸከም እውነተኛው ስፋት ከዚህ በመጠኑ ሊለይ ይችላል፤ ለግምት ግን በቂ ነው። እንግዲህ የሁለት ሰው ሕይወት በእያንዳንዱ ጎማ በኩል ከአንድ ጎልማሳ መዳፍ በማይበልጥ ላስቲክ ላይ ያረፈ ነው ማለት ነው። ፍሬን ሲያዝ፣ ነዳጅ ሲሰጥ፣ ኩርባ ሲታጠፉ የሚፈጠረው ኃይል በሙሉ የሚተላለፈው በዚህች ቦታ በኩል ነው።

ያረጀ ጎማ በሌላ ሲተካ የሚመረጠው እንግዲህ ይህች መዳፍ ናት። ምርጫው ብዙ ጊዜ በዋጋና በወሬ ይካሄዳል፤ ነገር ግን ከጀርባው እጅግ የሚማርክ ፊዚክስ አለ። በዚህ ጽሑፍ እሱን በጥቂቱ ለመመልከት እንሞክራለን።

ላስቲክ መንገድን የሚይዘው እንዴት ነው?

በክፍል ውስጥ የሰበቃን ሕግ ስንማር፣ የሰበቃ ኃይል ከሚጫነው ክብደት ጋር በቀጥታ እንደሚያድግና በሚነካካው ስፋት ላይ እንደማይመሠረት ይነገረናል። ይህ ሕግ ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን እ.ኤ.አ. በ1699 ያቀረበው ሲሆን ለእንጨት፣ ለብረትና ለድንጋይ በአብዛኛው ይሠራል። ላስቲክ ግን ለዚህ ሕግ በደንብ አይገዛም። በላስቲክ ላይ የሚጫነው ግፊት እየበዛ ሲሄድ የሰበቃ ቁጥሩ (የሰበቃ ኃይል ለሚጫነው ኃይል ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) እየቀነሰ ይመጣል። ስለዚህ ለጎማ የንክኪው ስፋትም፣ የላስቲኩ ልስላሴም፣ ሙቀቱም ዋጋ አላቸው። ተማሪዎች «ስፋት ለውጥ ካላመጣ የውድድር ጎማ ለምን ሰፊ ሆነ?» ብለው ሲጠይቁ ጥያቄው ተገቢ ነው።

ላስቲክ መንገድን የሚይዘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መጣበቅ ሲሆን፣ የላስቲኩ ሞለኪውሎች ከአስፋልቱ ሞለኪውሎች ጋር በጣም ሲቀራረቡ በመካከላቸው ደካማ መሳሳብ ይፈጠራል። ይህ የሚሠራው ግን መንገዱ ደረቅና ንጹሕ ሲሆን ነው፤ ስስ የውሃ ወይም የአቧራ ንጣፍ በመካከል ከገባ መሳሳቡ በእጅጉ ይዳከማል። ሁለተኛው መንገድ ከላስቲክ ልዩ ባሕርይ የሚመነጭ ነው። አንድ የብረት ስፕሪንግ ጨቁነን ብንለቀው የሰጠነውን ጉልበት በአብዛኛው ይመልስልናል። ላስቲክ ግን ከተሰጠው ጉልበት ከፊሉን ያስቀርና ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። የፊዚክስ ሰዎች ይህን ሂስቴሬሲስ ይሉታል። ላስቲኩ በአስፋልቱ ጠጠሮች ላይ ሲንሸራተት እያንዳንዱ ጠጠር ከፊቱ ያለውን ላስቲክ ይገፋል፤ ጠጠሩ ካለፈ በኋላ ግን ላስቲኩ ዘግይቶ ስለሚመለስ ጠጠሩን ከኋላው በእኩል ኃይል አይገፋውም። የፊተኛውና የኋለኛው ግፊት ልዩነት መንሸራተትን የሚቃወም ኃይል ሆኖ ይቀራል። በዝናብ ጊዜ ነጂውን የሚያድነው በአብዛኛው ይህ ሁለተኛው መንገድ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ አጣብቂኝ ይመጣል። ጉልበትን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ላስቲክ መንገድን በደንብ ይይዛል፤ ነገር ግን ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር እየተጨፈለቀ ስለሚመለስ ይኸው ባሕርይ ነዳጅ ያባክናል፣ ጎማውንም ያሞቀዋል። ታዲያ ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል? ይቻላል፤ ምክንያቱም ሁለቱ ክስተቶች የሚፈጸሙት በተለያየ ፍጥነት ነው። ጎማው በ120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲጓዝ አንድ የላስቲክ ነጥብ በሴኮንድ 17 ጊዜ ያህል ብቻ ይጨፈለቃል። በአስፋልቱ ጠጠርና በጠጠሩ ላይ ባሉት ጥቃቅን ሸካራዎች ላይ ሲንሸራተት ግን የሚናወጠው በሴኮንድ በሺዎችና ከዚያም በላይ ነው። በዝግታው ንውጽውጽታ ጉልበት የማያባክን፣ በፈጣኑ ንውጽውጽታ ግን የሚያባክን ላስቲክ ከተገኘ ሁለቱም ይሟላሉ።

ላስቲክን በድኝ አብስሎ ጠንካራና ተለጣጭ ማድረግን ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ከደረሰበት ወዲህ፣ ለብዙ ዘመን የጎማ ዋነኛ ማጠንከሪያ የካርቦን ጥቀርሻ ነበር፤ ጎማ ጥቁር የሆነውም በእሱ ምክንያት ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአሸዋ ጋር አንድ ዓይነት ኬሚካላዊ ቅንብር ያለው ሲሊካ በጥቀርሻው ቦታ በስፋት መግባት ጀመረ። ሲሊካ ከላይ የተገለጸውን ዕርቅ በጣም ያቀራርባል፤ በእርጥብ መንገድ ላይ ይዞታን ይጨምራል፣ የመሽከርከር ብክነትንም ይቀንሳል። በዛሬ የረጅም ጉዞ ጎማዎች ማስታወቂያ ላይ «ሲሊካ» የሚለው ቃል የሚደጋገመው ለዚህ ነው። ማስታወቂያ ሁሉ ከንቱ አይደለም።

ማጋደልና የጎማው ቅርጽ

መኪና ኩርባ ሲታጠፍ አካሉ በመጠኑ ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ ሞተር ብስክሌት ግን ወደ ውስጥ መጋደል አለበት፤ አለዚያ ይወድቃል። የማጋደያው ማዕዘን ታንጀንት የሚገኘው የፍጥነቱን ካሬ ለኩርባው ራዲየስና ለ9.8 ብዜት በማካፈል ነው። ልብ በሉ፦ በዚህ ስሌት ውስጥ ክብደት የለም። ብቻውን የሚሄድ ነጂም ሆነ ሰውና ሻንጣ የጫነ ነጂ በእኩል ፍጥነት በአንድ ኩርባ ላይ ከሄዱ በእኩል ማዕዘን ያጋድላሉ። (ጎማው ስፋት ስላለው በተግባር ማዕዘኑ በጥቂት ዲግሪ ይጨምራል።)

ራዲየሱ 50 ሜትር የሆነ ኩርባ እንውሰድ። በ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ማለትም በ16.7 ሜትር በሴኮንድ፣ ለሚታጠፍ ነጂ ታንጀንቱ 0.57 ይሆናል፤ ማዕዘኑም 30 ዲግሪ ገደማ ነው። ፍጥነቱ 80 ቢሆንስ? ታንጀንቱ 1 ይሆናል፤ ማዕዘኑ 45 ዲግሪ። ይህ ቁጥር ሌላም ነገር ይነግረናል። ሞተር ብስክሌቱ እንዳይንሸራተት የሚያስፈልገው የሰበቃ ቁጥር ከዚሁ ታንጀንት ጋር እኩል ነው። ጥሩ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ 1 ገደማ ሊሰጥ ይችላል፤ በእርጥብ መንገድ ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ፍጥነት በ20 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲጨምር ከምቹ ጉዞ ወደ መጨረሻው ድንበር መድረስ የሚቻለው ፍጥነቱ በካሬ ስለሚገባ ነው።

የሞተር ብስክሌት ጎማ በቁመቱ ተቆርጦ ሲታይ ክብ ቅስት የሚመስለውም ለዚሁ ነው። ቀጥ ሲል መሬቱን በመሐሉ፣ ሲያጋድል ደግሞ በትከሻው ይነካል፤ በየትኛውም ማዕዘን የንክኪው ስፋት ብዙ አይለወጥም። ባጃጅ በሦስት እግር ስለሚቆም አያጋድልም፤ ስለዚህም እንዲህ ያለ ቅስት አያስፈልገውም። በአሜሪካ አንዳንድ የትልልቅ ሞተር ብስክሌት ባለቤቶች ዕድሜው ይረዝማል በማለት በኋላ ቸርኬያቸው ላይ የመኪና ጎማ ይገጥማሉ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ዕድሜው መርዘሙ እውነት ነው። ነገር ግን ባለ ጠፍጣፋ ፊት ጎማ ሲጋደል በጠርዙ ላይ ይቆማል፤ ቸርኬውም ለመኪና ጎማ ከንፈር የተሠራ አይደለም። እኔ በበኩሌ ለተማሪዎቼ የማልመክረው ቁጠባ ነው።

ደግሞም የሞተር ብስክሌት ጎማ ራሱ ከጊዜ በኋላ ወደ ጠፍጣፋነት ይሄዳል። ከአዋሽ ወደ ሚሌ እንዳለው ያለ ሜዳማና ቀጥ ያለ መንገድ የሚበዛበት ነጂ የጎማውን መሐል ብቻ ይፈጫል፤ ትከሻው እንዳለ ይቀራል። ክቡ ቅስት መሐሉ ይጠፈጥፍና በግራና በቀኝ ጠርዝ ይወጣለታል። እንዲህ ያለ ጎማ ያለው ነጂ ኩርባ ሲጀምር ሞተር ብስክሌቱ መጀመሪያ አልጋደልም ይለዋል፤ ጠርዙን ሲሻገር ደግሞ በድንገት ይወድቅበታል። ጥርሱ ገና ሳያልቅ ጎማው መለወጥ የሚገባው ጊዜ አለ የምንለው ይህን ነው። የረጅም ጉዞ ጎማ ሠሪዎች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ በአንድ ጎማ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ላስቲክ መጠቀም ነው፦ መሐሉ ደረቅና ዕድሜው ረጅም፣ ትከሻው ለስላሳና ያዥ። አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ባለ አውራ ጎዳና፣ አልፎ አልፎ ደግሞ በተራራ ላይ ለሚጓዝ ሰው ከዚህ የተሻለ ስምምነት አላውቅም።

በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው

በምሳሌ የወሰድነው ሞተር ብስክሌት የኋላ ጎማ ጎን ላይ «170/60 አር 17 72 ቪ» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። 170 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 60 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር በመቶኛ ነው፤ ስለዚህ ቁመቱ 102 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው፤ 431.8 ሚሊ ሜትር። ሁለቱን ጎኖች ብንደምርበት ጠቅላላው ዲያሜትር 636 ሚሊ ሜትር፣ ዙሪያው ደግሞ ወደ 2 ሜትር ይሆናል። በአንድ ኪሎ ሜትር 500 ጊዜ ይሽከረከራል ማለት ነው። ገዢው ይህ መጠን ጠፍቶበት 170/70 ቢገጥም ዲያሜትሩ በ5 በመቶ ያህል ያድጋል። ፍጥነት መለኪያው ከኋላ ጎማ የሚያነብ ከሆነ 100 ሲያሳይ እውነቱ 105 ይሆናል፤ የፍሬን መቆለፍን የሚከላከለው ኤሌክትሮኒክስም የሁለቱን ጎማዎች ፍጥነት እያነጻጸረ ስለሚሠራ ሊወናበድ ይችላል። ጎማው ከሹካው ወይም ከጭቃ መከላከያው ጋር የመፋተግ አደጋም አለ።

«አር» ማለት ራዲያል ነው፤ በጎማው አጽም ውስጥ ያሉት ክሮች ከአንዱ ከንፈር ወደ ሌላው ቀጥ ብለው ይሻገራሉ ማለት ነው። በአገራችን በሚበዙት አነስተኛ ሞተር ብስክሌቶች ላይ እንደ «3.00-18» ያለ ጽሑፍ እናያለን፤ ይህ በኢንች የተሰጠ ሲሆን በመካከሉ ያለው ሰረዝ ክሮቹ ሰያፍ ሆነው የተነባበሩ መሆናቸውን ያመለክታል። በሰያፍ ጎማ ውስጥ የተነባበሩት ክሮች ጎማው በተጨፈለቀ ቁጥር እርስ በርሳቸው ስለሚፋተጉ ሙቀት ይበዛል። ራዲያል ጎማ ቀዝቀዝ ብሎ ይሄዳል፤ ለረጅምና ፈጣን ጉዞ የተመረጠውም ለዚህ ነው። ፊት በአንደኛው፣ ኋላ በሌላው ዓይነት መግጠም የሞተር ብስክሌቱ አምራች ካልፈቀደው በቀር አይገባም፤ ሁለቱ ለጎን ኃይል የሚሰጡት ምላሽ ይለያያልና።

72 የጭነት ቁጥር ነው። በዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ መሠረት 72 ማለት 355 ኪሎ ግራም፣ የፊት ጎማው 60 ደግሞ 250 ኪሎ ግራም ነው። «ቪ» ጎማው የሚችለውን ፍጥነት ያመለክታል፤ ቪ 240፣ ኤች 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። «በዚህ አገር መንገድ በ240 ማን ይሄዳል?» ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። ፊደሉ የሚነግረን ግን ጎማው ከሚሽከረከርበት ኃይል ጋር ያለውን ጥንካሬ ነው። በ120 ኪሎ ሜትር በሰዓት የጎማው ውጫዊ ገጽ ወደ መሐል የሚሳብበት የፍጥነት ለውጥ የፍጥነቱ ካሬ ለራዲየሱ ሲካፈል ነው፤ 33.3 ሜትር በሴኮንድ ተካርሶ ለ0.318 ሜትር ሲካፈል ወደ 3,500 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ይደርሳል። ይህ ከመሬት ስበት 356 እጥፍ ነው። ከጎማው ጥርስ ላይ ያለች አንዲት ግራም ላስቲክ ከአጽሙ ጋር ተጣብቃ እንድትቆይ 356 ግራም የሚያህል ክብደት መያዝ በሚችል ኃይል መያዝ አለባት። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ነው። ሙቀት ይህን ትስስር ያላላዋል፤ ሙቀት ደግሞ ከጭነት ብዛትና ከአየር ማነስ ይመጣል። ስለዚህ ከታዘዘው በታች የሆነ የጭነት ወይም የፍጥነት ደረጃ ያለው ጎማ በርካሽ ተገኘ ብሎ መግዛት ገንዘብ ማትረፍ አይደለም።

አየሩ፣ ከፍታውና ሙቀቱ

ጎማ ሲመረጥ ስለ ላስቲክ ብዙ ይወራል፤ ክብደቱን የሚሸከመው ግን አየሩ ነው። የአየር መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት እንጂ ጠቅላላውን ግፊት አይደለም። እንደ እኛ ባለ ተራራማ አገር ይህ ልዩነት አስደሳች ውጤት ያስከትላል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ወደ 77 ኪሎ ፓስካል ነው፤ በባሕር ወለል ላይ ግን 101 ነው። አንድ ነጂ አዲስ አበባ ውስጥ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የኋላ ጎማውን በመለኪያው 290 ኪሎ ፓስካል ሞላው እንበል። ጠቅላላ ግፊቱ 367 ይሆናል። ወደ ጅቡቲ ወርዶ፣ የጎማው ሙቀት ባይለወጥ ኖሮ መለኪያው 367 ሲቀነስ 101፣ ማለትም 266 ባሳየው ነበር። ግን ጅቡቲ ሞቃት ናት። ነጂው አድሮ ጎማው ገና ሳይንቀሳቀስ በ40 ዲግሪ ቢለካው፣ በጋዝ ሕግ መሠረት 367 በ313 ተባዝቶ ለ293 ሲካፈል 392 ይሆናል፤ ከዚህ 101 ሲቀነስ 291። ከፍታው የወሰደውን ሙቀቱ መለሰ! ስሌቱ እንዲህ ገጥሞ የሚገኘው በአጋጣሚ ነው፤ ወደ ቀዝቃዛ ቆላ የሚወርድ ሰው ቢኖር ኖሮ አየር መሙላት ግድ ይሆንበት ነበር።

ከዚህ ይልቅ አደገኛ የሆነው ጎማው በጉዞ ሞቆ ሳለ አየር ማስተንፈስ ነው። ከላይ ያለው ጎማ በዚያው በአዲስ አበባ አካባቢ በጉዞ 60 ዲግሪ ቢደርስ መለኪያው 340 ያሳያል። ነጂው «በዝቷል» ብሎ ወደ 290 ቢያወርደው ጎማው ሲቀዘቅዝ የሚቀረው 246 ብቻ ነው። አየር ሲያንስ የንክኪው ስፋት ይጨምራል፤ ይህ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን ጎኑ በየዙሩ አብዝቶ ይታጠፋል፣ ይሞቃል፣ ትከሻውም ያለ ጊዜው ያልቃል። አምራቹ የሚሰጠው ቁጥር ሁልጊዜ ለቀዝቃዛ ጎማ ነው፤ በጉዞ የሚመጣው ጭማሪ አስቀድሞ ታስቦበታል።

ስለ ናይትሮጅንም ይጠየቃል። ተራው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ በሙቀት የሚጨምረው ግፊትም ለሁሉም ጋዝ አንድ ነው። የሚለየው አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ነው፤ መጭመቂያው ውሃ ካልያዘ ልዩነቱ ለመንገደኛ የሚታሰብ አይደለም።

ዝናብና ጥርስ

በደረቅ መንገድ ላይ ጥርስ የሌለው ሊሾ ጎማ ከባለ ጥርሱ የበለጠ ይይዛል፤ የውድድር ሞተር ብስክሌቶች በደረቅ ቀን ሊሾ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። ጥርስ የተሠራው ለውሃ ነው። ጎማው በውሃ ላይ ሲሮጥ ከፊቱ ያለውን ውሃ ይገፋል፤ ውሃውም የጥግግቱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ በሚገኘው ግፊት ይገፋዋል። ይህ ግፊት ከጎማው 290 ኪሎ ፓስካል ጋር እኩል የሚሆነው በ24 ሜትር በሴኮንድ፣ ማለትም በ87 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ውሃው ጎማውን ከመንገዱ አንሥቶ ሊያንሳፍፈው ይችላል። በተግባር ውሃው በጎንና በጥርሱ ጎድጓዶች ስለሚያመልጥ የሞተር ብስክሌቱም ጎማ ጠባብና ክብ ስለሆነ ውሃውን እንደ ታንኳ ይሰነጥቀዋል፤ እውነተኛው ፍጥነት ከዚህ ከፍ ይላል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በአውሮፕላን ጎማዎች ላይ ባደረገው ሙከራም የመንሳፈፊያው ፍጥነት ከአየር ግፊቱ ካሬ ሥር ጋር እንደሚያድግ ታይቷል። አየሩ ያነሰ ጎማ በዝናብም ቀድሞ ይንሳፈፋል ማለት ነው።

ጎድጓዶቹ ካለቁ ውሃው መሄጃ ያጣል። በብሪታንያ ሕግ ለሞተር ብስክሌት ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር፣ በጀርመን 1.6 ሚሊ ሜትር የጥርስ ጥልቀት ያስፈልጋል። ክረምት ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በመንገዱ ላይ የከረመው አቧራና ዘይት ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ስስ ለሙጥ ስለሚሆን በዚያ ሰሞን ጥርስ ብቻውን አያድንም። ከሕጉ ቁጥር ጋር ተጣብቆ እስከ መጨረሻው መቆየትን እኔ አልደግፍም፤ በሰኔ ጉዞ ያሰበ ሰው በግንቦት ቢለውጥ ይሻላል።

በጠጠር መንገድ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ጎማው ጠጠሩን የሚይዘው በሰበቃ ሳይሆን በመቧጠጥ ነው፤ ትላልቅና የተራራቁ ጥርሶች ይፈለጋሉ። እነዚህ ጥርሶች ግን በአስፋልት ላይ የሚነካውን ላስቲክ ይቀንሳሉ፤ እያንዳንዱ ጥርስም ፍሬን ሲያዝና ሲጋደሉ ይታጠፋል፣ ይሞቃል፣ ፈጥኖ ያልቃል። አምራቾች «90 በመቶ አስፋልት፣ 10 በመቶ ጠጠር» ወይም «50 በ50» እያሉ ይሸጣሉ። መራጩ ራሱን መጠየቅ ያለበት የሚያልመውን ጉዞ ሳይሆን ባለፈው ዓመት በእርግጥ የተጓዘውን ነው። አስፋልት ለሚበዛበት ሰው ትልልቅ ጥርስ ለፎቶግራፍ ከማማሩ በቀር ብዙ ጥቅም የለውም።

የጎማ ዕድሜና የዘመን አቆጣጠር

ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። የላስቲኩ ሞለኪውሎች ከኦክሲጅንና ከኦዞን ጋር እየተዋሐዱ ይደርቃሉ፤ ከዚያም በጎኑ ላይ ጥቃቅን ስንጥቆች ይታያሉ። ኦዞን በተለይ የተለጠጠ ላስቲክን ያጠቃል። አምራቾች ይህን ለመከላከል በላስቲኩ ውስጥ ሰም መሰል ነገር ይጨምራሉ፤ ሰሙ ጎማው ሲታጠፍና ሲሠራ ወደ ላይ እየወጣ ገጹን ይሸፍነዋል። ለዓመታት የቆመ ሞተር ብስክሌት ጎማ ይህን ጥበቃ ያጣል። በደጋ ደግሞ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከቆላው ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በሱቅ በር ላይ ለፀሐይ የተሰቀለ ጎማ «አዲስ» ቢባልም አዲስነቱ ያጠራጥራል።

ጎማው የተሠራበት ቀን በጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ምልክት ቀጥሎ በአራት አኃዝ ይጻፋል። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ሳምንቱን፣ ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ዓመቱን ያመለክታሉ። «3515» ማለት የ2015 እ.ኤ.አ. 35ኛ ሳምንት ነው። እዚህ ላይ ለእኛ አገር ገዢ የተለየ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ይህ ሳምንት በእኛ አቆጣጠር የሚውለው በነሐሴ 2007 ዓ.ም. ነው። 15ን አይቶ «2015 ዓ.ም.» ብሎ ያሰበ ሰው ጎማውን በሰባት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ወጣት ያደርገዋል። ሻጩም ገዢውም በቅንነት ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ላስቲኩ ግን አይሳሳትም። በጥቅሉ ሲታይ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ማስመርመር፣ ዐሥር ዓመት የሞላውን ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም ማስወገድ ብዙ አምራቾች የሚስማሙበት ነው።

ጎሚስታው ዘንድ

የኋላ ጎማ ክብደቱንም የሞተሩንም ኃይል ስለሚሸከም አብዛኛውን ጊዜ ከፊተኛው ቀድሞ ያልቃል። አንዱን ብቻ መለወጥ ይቻላል፤ ሆኖም የሁለቱ ቅስትና የላስቲክ ዓይነት ተጣጥሞ የተፈተነ ስለሆነ በተቻለ መጠን የአንድ አምራች አንድ ሞዴል ጥንድ ቢሆኑ ይመረጣል። የጠፈጠፈ የኋላ ጎማ ከአዲስ የፊት ጎማ ጋር ሲገናኝ ፊቱ ለመጋደል ይቸኩላል፣ ኋላው ይዘገያል።

ሲገጠም በጎኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ መሽከርከሪያው አቅጣጫ መሆኑ ይረጋገጥ። ሚዛኑም ይስተካከል። በቸርኬው ጠርዝ፣ ከመሐሉ 22 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ 10 ግራም ብቻ ቢበልጥ፣ በ120 ኪሎ ሜትር በሰዓት 24 ኒውተን ያህል ኃይል ይፈጠራል፤ ይህም 2.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ በሴኮንድ 17 ጊዜ አቅጣጫውን እየለዋወጠ መሪውን እንደሚነቀንቅ ማለት ነው። ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ የነጂው እጅ ቢደነዝዝ አያስደንቅም። ባለ ሽቦ ቸርኬ በአብዛኛው ውስጠኛ ጎማ ይፈልጋል፤ ውስጠኛ ጎማ ደግሞ ሲበሳ አየሩን በቅጽበት ሊለቅ ስለሚችል ጎማው ሲለወጥ አብሮ ቢለወጥ ይበጃል፤ ዋጋውም ከውጭኛው ጋር አይወዳደርም።

አዲሱ ጎማ ከጎሚስታው ቤት ሲወጣ ገጹ ለስላሳና አብረቅራቂ ነው፤ ከቅርጽ ማውጫው የወጣበት ልስላሴ ገና አልተፋቀም። ላስቲኩ ከአስፋልቱ ጋር የሚጠበቀውን ያህል የሚጨባበጠው ይህ ገጽ ሲሻክር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍሬኑን በዝግታ እየያዙ፣ ማጋደሉን ከኩርባ ወደ ኩርባ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ መሄድ ያስፈልጋል፤ ጎማው የሚሻክረው በተጋደለበት ልክ ነውና፣ ቀጥ ባለ መንገድ ብቻ የተነዳ ጎማ ትከሻው እንደ ተገጠመ ቀን ለስላሳ ሆኖ ይቆያል።